ሦስት ኦርኬስትራ በአንድ አዳራሽ

ስሙኝማ፤ አንድ የዳንስ ምሽት ላውጋችሁ።

ከተማዋ ፕራግ ናት። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 29 ቀን 1787 ነው። ኦርኬስትራውን የሚመራው የሙዚቃው ደራሲ ራሱ፣ የ31 ዓመቱ ሞዛርት ነው። «ዶን ጆቫኒ» የተባለው ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቀረበው በዚያች ምሽት ነው፤ ቃሉን የጻፈው ሎሬንዞ ዳ ፖንቴ ነው።

የመጀመሪያው ገቢር ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዶን ጆቫኒ፣ ያ ያያትን ሴት ሁሉ የሚያሳድድ ባላባት፣ አዳራሹን ከፍቶ ደግሷል። ድግሱ ያለ ነገር አይደለም። ከተጋባዦቹ መካከል ዜርሊና የምትባል የገጠር ሙሽራ አለች፤ ዓይኑን ጥሎባታል። እጮኛዋ ማዜቶ ደግሞ ነገሩ ስላላማረው ከአጠገቧ አይርቅም። ሦስት እንግዶችም ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው ገብተዋል፤ ዶና አና፣ ዶና ኤልቪራና ዶን ኦታቪዮ። የመጡት ሊጨፍሩ አይደለም፤ የባላባቱን ጉድ ሊያወጡ ነው።

መድረኩ ላይ ካሉት ሦስት ኦርኬስትራዎች አንደኛው ሚኑዌት ይጀምራል። ሚኑዌት የመኳንንት ዳንስ ነው፤ እርጋታ ያለው፣ አንድ ሁለት ሦስት እየተባለ የሚረገጥ። ኦቦ፣ ሆርንና ባለ አውታር መሣሪያዎች ይጫወቱታል። ዶና አናና ዶን ኦታቪዮ በዚህ ይደንሳሉ። ሚኑዌቱ ሳይቋረጥ ሁለተኛው ኦርኬስትራ፣ ቫዮሊንና ባስ ብቻ የያዘው፣ አውታሩን መቃኘት ይጀምራል። ሞዛርት ይህን መቃኘት እንኳ ለአጋጣሚ አልተወውም፤ ባዶው አውታር ሲነካካ የሚሰማውን ድምፅ አንድ በአንድ በኖታ ጽፎ በሚኑዌቱ ውስጥ አስገብቶታል። ቃኝተው ሲያበቁ ኮንትራዳንስ ያነሳሉ፤ በሁለት የሚቆጠር። ዶን ጆቫኒ ዜርሊናን ይዞ የሚደንሰው በዚህኛው ነው። ጥቂት ቆይቶ ሦስተኛው ኦርኬስትራም ይቃኝና የጀርመን ዳንስ ይጀምራል፤ ፈጣን፣ የሚያሽከረክር፣ የተራው ሕዝብ ዳንስ። አሽከሩ ሌፖሬሎ ማዜቶን በግድ እየጎተተ በዚህ ያስደንሰዋል፤ እጮኛውን እንዳይጠብቅ።

ሦስት ዳንስ፣ ሦስት ኦርኬስትራ፣ ሦስት አቆጣጠር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ! በዚያ ላይ ዘፋኞቹ ይዘፍናሉ። በጽሑፍ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል ድፍረት ብዙ አላውቅም። ድፍረቱ ደግሞ አድማጩን አያደናግርም፤ ጆሮ ሦስቱንም ለይቶ ይሰማል፣ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ትረካውን ገታ ላድርግና ሒሳቡን ላሳያችሁ፤ የኋላው ነገር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ሒሳብ ላይ ነው። በኖታ መስመር መጀመሪያ ላይ ተደራርበው የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ታይም ሲግኔቸር ይባላሉ። የላይኛው በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ባለው ክፍል፣ በባር ውስጥ፣ ስንት እንደሚቆጠር፣ የታችኛው የሚቆጠረው የትኛው ኖታ እንደሆነ ይናገራል። ሚኑዌቱ 3/4 ነው፤ በባር ሦስት ሩብ ኖታ። ኮንትራዳንሱ 2/4 ነው። የጀርመኑ ዳንስ 3/8 ነው፤ በባር ሦስት ስምንተኛ ኖታ።

የሚኑዌቱና የኮንትራዳንሱ ሩብ ኖታ እኩል ነው። ስለዚህ ሚኑዌቱ ሁለት ባር ሲሄድ ስድስት ሩብ ይቆጥራል፤ ኮንትራዳንሱ ያንኑ ስድስት በሦስት ባር ይጨርሰዋል። የባር መስመሮቻቸው ይተላለፉና በየስድስቱ ሩብ ይገናኛሉ። የጀርመኑ ዳንስ ጠባይ ሌላ ነው። እሱ ሙሉ ባሩን በሚኑዌቱ አንድ ሩብ ኖታ ውስጥ ያጠናቅቃል፤ ሚኑዌቱ አንድ ባር ሲል እሱ ሦስት ይላል። ይህ ማለት የጀርመኑ ስምንተኛ ኖታ ከሚኑዌቱ ስምንተኛ ኖታ ያጠረ ነው፤ የሚኑዌቱ ሁለት በሚገቡበት ቦታ የእሱ ሦስት ይገባሉ። በአንዱ ግንኙነት ኖታው እኩል ሆኖ ባሩ ይለያያል፤ በሌላው ባሩ ይገጥምና ኖታው ይለያያል። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ።

ለሞዛርት ብዕር ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። በየመስመሩ ላይ ዳንሱ በሚፈልገው ቦታ የባር መስመር ጫር ማድረግ ነው። ያንን በእጁ የጻፈውን ቅጂ በ1855 ዘፋኟ ፖሊን ቪያርዶ ገዛችው፤ ኋላም ለፓሪስ ኮንሰርቫቶር ሰጠችው፤ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

አሁን ዘመኑን ተሻግረን ወደ ኮምፒውተር እንምጣ። ፊናሌ የተባለው የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር በ1988 ወጣ። ሲቤሊየስን መንታዎቹ ወንድማማቾች ቤንና ጆናታን ፊን በእንግሊዝ ሠርተው በ1993 ለገበያ አቀረቡት። ሊሊፖንድ በ1996 በሆላንድ ተጀመረ፤ ኖታውን በጽሑፍ ትእዛዝ ይቀበላል። ቬርነር ሽቬር የጀመረው ሙዝስኮር በነፃ የሚገኝ ስለሆነ በብዙ ተማሪዎች እጅ ገባ። በ2012 የሲቤሊየስ የለንደን ቢሮ ሲዘጋ ከዚያ የወጡት ባለሙያዎች በሌላ ድርጅት ተሰባስበው በ2016 ዶሪኮን አወጡ። እያንዳንዱ ሶፍትዌር ከመሠረቱ አንድ እምነት ይዞ ነው የተነሣው፤ ባር ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ። በሙዝስኮር ባር ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ስታፍ፣ ማለትም የየመሣሪያውን የኖታ መስመር፣ የሚይዝ አንድ ሣጥን ነው፤ ሁሉም ስታፍ አብሮ ይገባበታል፣ አብሮ ይወጣል። በዶሪኮ ግን መጀመሪያ የሚኖረው ተከታታዩ ኖታ ነው፤ የባር መስመሩ በታይም ሲግኔቸሩ መሠረት በላዩ ላይ የሚሠመር ነው።

እንግዲህ አንዲት ልጅ በሐሳባችሁ ሳሉልኝ። የኛው ልጅ ናት፤ አውሮፓ ሙዚቃ ትማራለች። የተማሪዎች ኦርኬስትራ ይህን የዳንስ ትዕይንት ሊጫወት አስቦ፣ ለጥቂት መሣሪያዎች አሳጥራ የሁሉንም ኖታ የያዘውን ስኮርና የየተጫዋቹን ፓርት እንድታዘጋጅ ሥራውን ለእሷ ሰጥቷታል። በላፕቶፗ ላይ ያለው ሙዝስኮር ነው።

ሚኑዌቱን በ3/4 ለቀመችው፤ ምንም አላስቸገራትም። ቀጥላ ለሁለተኛው ኦርኬስትራ ስታፍ ብቻ 2/4 ልትሰጠው ፈለገች። ሙዝስኮር ይህን ይፈቅዳል፤ የኮንትሮል ቁልፍን ተጭኖ ታይም ሲግኔቸሩን በዚያ ስታፍ ላይ ብቻ መጣል ነው፤ ኖታ ከመልቀም በፊት፣ በባዶ ባር ላይ። ጣለችው፤ 2/4 ተጻፈላት። ኮንትራዳንሱን ለቀመችና ማጫወቻውን ነካች። ኮንትራዳንሱ ይጎተታል! ቴምፖውን አየች፤ ትክክል ነው። ኖታዎቹን ቆጠረች፤ ትክክል ናቸው። ገጹን አየች፤ የኮንትራዳንሱ የባር መስመር ሁሉ ከሚኑዌቱ ጋር ገጥሞ ቆሟል። የጀርመኑን ዳንስ በ3/8 ብትሞክረው ባሰ፤ መሽከርከር የነበረበት ዳንስ ከሚኑዌቱ ጋር እኩል እየረገጠ ይሄዳል።

በዚህ ሁኔታ ብዙ ሰው ሶፍትዌሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ፋይሉን እንደ አዲስ ይከፍታል፣ አዲሱን ዕትም ይጭናል። ልጅቷ ግን አገር ቤት ላለው የቀድሞ አስተማሪዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶብኛል።»

«ምን አደረገ?»

ነገረችው። ዝም ብሎ ሰማትና «በእያንዳንዱ ባር ውስጥ ስንት ሩብ ኖታ ጊዜ አለ?» አላት።

«በሚኑዌቱ ሦስት፣ በኮንትራዳንሱ ሁለት።»

«አንቺ ጋ ነው እንጂ እሱ ጋ እንደዚያ አይደለም። እሱ ጋ ባሩ አንድ ነው፤ ሦስት ሩብ የሚፈጅ። አንቺ ለአንዱ ስታፍ 2/4 ስትዪው፣ ሁለቱን ኖታ ጎትቶ ሦስቱን እንዲሞሉ ያደርጋቸዋል። 3/8 ስትዪውም ሦስቷን ስምንተኛ ዘርግቶ በሦስቱ ሩብ ልክ ያደርጋታል። አልተበላሸም፤ ያዘዝሽውን በራሱ ቋንቋ ነው የሠራው።»

ልብ በሉ፤ ጋሼ የጠየቃት ምን እንደነካች ወይም ምን እንደጫነች አልነበረም። የጠየቃት ባሩ የሚይዘውን ጊዜ ነው፤ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ሁለቱ ዳንሶች የሚጋሩት ነገር ምን እንደሆነ ነው። ልዩ ልዩ ታይም ሲግኔቸር ተደራርቦ ስኮር ሲያስቸግር ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም ባይ ነኝ። የሚጋሩት ባሩን ነው ወይስ ሩብ ኖታውን? ሙዝስኮር ባሩን ይጋራሉ ብሎ ይነሣል። ለጀርመኑ ዳንስ ይህ እምነት ልክ ነው፤ ሦስት የጀርመን ባር አንድ የሚኑዌት ባር ስለሆነ 9/8 ብሎ መስጠት ይበቃል፤ ዘጠኙ ስምንተኛ ኖታ በሦስቱ ሩብ ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። ለኮንትራዳንሱ ግን አይሆንም፤ አንድ ተኩል ባር የሚባል ነገር የለምና።

ጋሼ በስልኩ ውስጥ ማጨብጨብ ጀመረ። «ችክችካ ታውቂያለሽ አይደል? ስድስቱን ቁጠሪ። አሁን ሦስት ሦስት አድርጊያቸው። አሁን ደግሞ ሁለት ሁለት አድርጊያቸው። ስድስቱ ተለወጡ?»

«አልተለወጡም።»

«ሚኑዌቱና ኮንትራዳንሱም እንደዚያው ናቸው። ስድስት ሩብ፤ አንዱ ሦስት ሦስት ይላል፣ ሌላው ሁለት ሁለት ይላል። እንግዲህ ባሩን በስድስቱ ልክ ስሪው።»

በ6/8 የሚጻፈው ችክችካ ያደገበት ጆሮ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። ስድስቱን ምት በሁለት ከፍሎም በሦስት ከፍሎም መስማት ይችላል፤ ከበሮው አንዱን ሲይዝ እጅ ሌላውን ሊያጨበጭብ ይችላል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ የኖታ ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ መነሻ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ልጅቷ አዲስ ገጽ ከፈተች። ሙሉውን ትዕይንት አልነካችም፤ ሁለት የሚኑዌት ባር የሚያህል ብቻ ወስዳ ሞከረች። ይህ አካሄዷ ብልህነት ነው፤ መቶ ባር ተለቅሞ ካለቀ በኋላ መሠረቱን መለወጥ ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል። የጋራውን ባር 6/4 አደረገችው። ለሚኑዌቱ ስታፍ በታይም ሲግኔቸሩ ማስተካከያ ውስጥ የሚታየውን ቁጥር 3/4 ብላ ጻፈችና በባሩ መካከል የባር መስመር ጨመረች። ለኮንትራዳንሱ የሚታየውን 2/4 አደረገች፤ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ሩብ በኋላ መስመር ጨመረች። ለጀርመኑ ስታፍ የራሱን 18/8 ሰጠችው፤ የሚታየው 3/8 ነው፤ በየሦስቱ ስምንተኛ ኖታ መስመር አሠመረች። አጫወተችው። ሦስቱም ተነሡ! ሚኑዌቱ ይራመዳል፣ ኮንትራዳንሱ በመሐሉ ይሰነጥቃል፣ ጀርመኑ ይሽከረከራል።

ሥራው ግን ገና ነው። ገጹ ላይ የሚታየውና ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ሁለት የተለያየ ነገር ሆኗል፤ ከዚህ የሚወለዱ ችግሮች ደግሞ በማጫወቻው አይሰሙም። ዋናው ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የዲየዝና የቤሞል ምልክቶች ነገር ነው። በኖታ ሕግ አንድ ዲየዝ የሚሠራው እስከ ባሩ መጨረሻ ነው። ሶፍትዌሩ ግን የጨመረቻቸውን መስመሮች እንደ ባር አይቆጥራቸውም፤ ለእሱ ባሩ ስድስት ሩብ ነው። በመጀመሪያው የኮንትራዳንስ ባር ውስጥ ዲየዝ ካለና በሁለተኛውም ያው ኖታ በዲየዝ ከመጣ፣ ምልክቱን መልሶ አይጽፈውም። ኮምፒውተሩ በትክክል ያጫውተዋል፤ ቫዮሊን የያዘው ሰው ግን አዲስ ባር ስለሚያይ ያለ ዲየዝ ይጫወተዋል። ይህ በልምምድ ጊዜ ብቻ የሚገለጥ ስሕተት ነው። ልጅቷ ይህን ስታውቅ እያንዳንዱን የተጨመረ መስመር ተከትላ ምልክቶቹን በእጇ አስገባች። ዛልስቡርግ ያለው ሞዛርቴዩም የሞዛርትን ሥራዎች የታረመ ዕትም ከ2006 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ያስነብባል፤ ከዚያ ጋር ባር በባር አስተያየች።

የባር ቁጥሩም አለ። አንዱ ትልቅ ባር አንድ ብሎ ሲቆጠር ሚኑዌት ተጫዋቹ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፤ በየባሩ ማስተካከያ ላይ አንድ ጨምር ማለት ይቻላል፣ ያኔ ለሚኑዌቱ ይስተካከላል። ለሌሎቹ ሁለቱ ግን አይስተካከልም፤ ሊስተካከልም አይችልም። ስለዚህ ሦስቱም በሚገናኙባቸው ቦታዎች ላይ የልምምድ ፊደል አስቀመጠች። የሦስተኛው ኦርኬስትራ ፓርት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው፤ ከመግባቱ በፊት ያለው ረጅም ዕረፍት በትልቁ ባር ተቆጥሮ ሲታተም የተጫዋቹን ቆጠራ በግማሽ ያጎድለዋል። ዕረፍቱን በሚኑዌት ባር ቆጥራ ጻፈችለት፣ ከመግቢያው በፊት ያለውንም የሚኑዌቱን ዜማ በትናንሽ ኖታ አሳየችው።

እኔ በዚህ ነገር ላይ የጸና አቋም አለኝ። ሶፍትዌሩን በውስጥ ማታለል ነውር የለውም፤ ነውሩ ተጫዋቹ የሚያነበው ገጽ ሲዋሽ ነው። መድረክ ላይ የሚቀመጠው ሰው በውስጥ ምን እንደተደበቀ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ወረቀቱን አምኖ ይነፋል፣ ይመታል፣ ይስባል።

ያው ሥራ በዶሪኮ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይገለበጥ ነበር። እዚያ ለአንድ ስታፍ ብቻ 2/4 ለመስጠት ቁጥሩን ጽፎ ኦልት ከኢንተር ጋር መጫን ነው፤ የባር መስመሩ ወዲያው ራሱን ችሎ ይሠመራል፣ ዲየዙም በትክክለኛው ባር ያበቃል፤ ሩብ ኖታው እኩል ስለሆነ ኮንትራዳንሱ ያለ ምንም ዘዴ ይሄዳል። የጀርመኑ ዳንስ ግን ይቸግራል፤ ዶሪኮ ስምንተኛ ኖታን የትም እኩል ያደርገዋልና ሦስት ሦስቱን በትሪፕሌት፣ በሁለት ኖታ ቦታ ሦስት በሚያስገባው ምልክት፣ አስሮ የትሪፕሌቱን ቁጥርና ቅንፍ መደበቅ ያስፈልጋል። ሊሊፖንድ ሁለቱንም ያውቃል፤ ባር የሚቆጥረውን ክፍል ከጠቅላላው ስኮር አውጥቶ ለየስታፉ መስጠትና የጀርመኑን ኖታዎች ርዝመት በ2/3 ማባዛት ይቻላል፤ ግን ትእዛዙን በጽሑፍ ማርቀቅ የሚችል ሰው ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ የፊናሌ ባለቤቶች በኦገስት 2024 ሶፍትዌሩን ማሳደግ ማቆማቸውን ካስታወቁ ወዲህ ብዙ ሰው የዓመታት ሥራውን ወደ ሌላ ሶፍትዌር እያሻገረ ነው። ስታፎቹ የየራሳቸው ታይም ሲግኔቸር ያላቸው ገጾች ካሉት ከሁሉ አስቀድሞ እነሱን ከፍቶ ይመርምር፤ በመሻገሪያው ላይ በቀላሉ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

ሌላም ዓይነት የታይም ሲግኔቸር ጣጣ አለ፤ ተደራርቦ ሳይሆን ተከታትሎ የሚለዋወጥ። ስትራቪንስኪ በ1913 በፓሪስ ባሳየው «የጸደይ ሥርዓት» መጨረሻ ላይ ባለው ዳንስ ታይም ሲግኔቸሩ በየባሩ ማለት ይቻላል ይለዋወጣል፤ ደራሲው ራሱ በ1943 ያንን ዳንስ ከልሶ እንደገና ጽፎታል። እዚያ ሶፍትዌሩ የሚያስቸግረው አንድ ቁጥር መካከል ላይ ሲለወጥ እስከሚቀጥለው ታይም ሲግኔቸር ድረስ ያለውን ኖታ ሁሉ መልሶ ስለሚከፋፍል ነው፤ መድኃኒቱ የሚለወጠው ክፍል የሚያበቃበት ባር ላይ የቀድሞውን ቁጥር አስቀድሞ መትከል ነው። ለዛሬ ግን ከዳንሱ አዳራሽ አንውጣ።

ምክንያቱም ዶን ጆቫኒ ዜርሊናን ወደ ጎን ክፍል ስቧታል። ሦስቱ ዳንሶች እየተጫወቱ ነው። ድንገት ከውስጥ ትጮኻለች። የመድረኩ ኦርኬስትራዎች ይቆማሉ፤ ከመድረኩ በታች ያለው ዋናው ኦርኬስትራ በአንድ አቆጣጠር ይነሣል፤ ሁሉም ወደ በሩ ይሮጣል። ለኖታ ለቃሚዋ ይህ ቦታ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ የየስታፉ የግል ታይም ሲግኔቸር እዚያው ባር ላይ ማብቃት፣ የተደበቀው ሁሉ መገለጥ፣ አዲሱ ቁጥር በሁሉም ስታፍ ላይ መውጣት አለበት። ከሦስቱ አንዱ በአንዲት ስምንተኛ ኖታ ቢዘገይ ከጩኸቱ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ልጅቷ እያንዳንዱን ስታፍ ለብቻው አጫውታ ሰማች፤ ቀጥላ ሁለት ሁለቱን፤ ቀጥላ ሁሉንም። ከዚያ ደወለች።

«ዜርሊና ከጮኸች በኋላ ሁሉም አብሮ ገባ?» አላት ጋሼ።

«ገባ፣ ጋሼ።»

«ዲየዞቹንስ አየሻቸው?»

«አንድ በአንድ።»

«እንግዲያው ፓርቶቹን አትሚ።»